ለሚንቾ ጥርስ የመጣች መርከብ

ዶልና ቫርባ፣ ዳኑብ ዳር
መስከረም 12 ቀን 1886

መምህር አሰን እሑድ እሑድ ለእኛ ለትልልቅ ሴቶች ማንበብና መጻፍ ያስተምረናል። «ፊደል ካልተሠራበት ይሸሻል፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ጻፉ» ብሎናል። ስለዚህ እኔ ስታና፣ የበርሜል ሠሪው የሚንቾ ሚስት፣ ይኸው ጀመርኩ።

ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም። ዛሬ የወይኑን ሐረግ ለቀምኩ። በእኛና በጎረቤታችን በካሊና መካከል ባለው ግንብ ላይ የወጣውን ነው። ካሊና ባሏ በጦርነቱ የሞተባት ሴት ናት፤ መስኮቷ ከግንቡ በላይ ነው። አንድ ዘለላ አላስቀረሁም። ሚንቾ አላገዘኝም፤ ወገቡን ያመዋል።

ከንቲባው ስቶይመን የአክስቴ ልጅ ነው። በበራችን ሲያልፍ ቆሞ ፖለቲካ አወራኝ። ቱርክን ያስወጡልን ሩሲያኖች ተቀይመውናል አለ። ልዑላችን በነሐሴ ዙፋኑን ጥሎ ከሄደ ወዲህ ሶፍያ ያሉት ሹማምንት ምክራቸውን አልሰማ ስላሉ፣ «ዜጎቻችን በቡልጋሪያ እየተደበደቡ ነው፤ መጥተን እንጠብቃቸዋለን» ይላሉ አሉ።

«እዚህ ማን ተደበደበ?» አልኩት።

«እስካሁን ማንም። እሱ ነው ያስቸገራቸው» አለኝ።

መስከረም 19

ሚንቾ ወደቀ። ወደ ማታ ግድም፣ ገና ብርሃን ሳለ። መሰላሉ ከግንቡ ላይ ተንሸራቶ፣ እሱ በአፉ የወይን ገንዳውን ጠርዝ መታ። አንድ የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ከንፈሩ አብጧል።

«መሰላል ላይ ምን ትሠራ ነበር?» ስለው «ወይን ልለቅም» አለኝ።

ሐረጉን ባለፈው ሳምንት ጨርሼዋለሁ። ምናልባት ሳላየው የቀረ ዘለላ ይኖር ይሆናል። ቅጠል ሥር የሚደበቅ አይጠፋም።

አዲሱን ሰደርያውን ለብሶ ነበር። ደም ነክቶታል። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌዋለሁ።

መስከረም 21

የሩሲያው ቆንሲል ጌታ ሌቤጂንስኪ ቤታችን መጡ። ወደ ከተማችን ከመጡ ሰንብተዋል፤ የትምባሆ ነጋዴው ፎቅ ላይ ተከራይተው የሚጠብቁት ዜጋ ሲፈልጉ ነበር። ዶልና ቫርባ ውስጥ የሩሲያ ዜጋ የለም። ሚንቾ ግን በወጣትነቱ ኦዴሳ ሻማ ነጋዴ ቤት ሲሠራ፣ ከቱርክ ግብር ለማምለጥ ብሎ ያወጣው የሩሲያ ፓስፖርት አለው። ትናንት መጠጥ ቤት ሄዶ ለሁሉም ድዱን ሲያሳይ ውሏል። ቆንሲሉ ጆሮ ቢደርስ ምን ይገርማል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጁን ያዙት።

«ማን መታህ?»

«ማንም ጌታዬ። ከመሰላል ወድቄ ነው።»

«አትፍራ።»

«አልፈራሁም።»

ቆንሲሉ ወደ እኔ ዞረው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልፈራሁም እስኪል ድረስ አስፈራርተውታል» አሉ።

ሲወጡ መሰላላችንን አስወሰዱት። ማስረጃ ነው። የጣሪያውን ሸክላ ከዝናቡ በፊት ልናስተካክል አስበን ነበር።

መስከረም 24

የሩሲያ ሐኪም መጣ። ፊት ለፊት በራችን ላይ ሰይፍ የታጠቀ፣ ጢሙ ቀይ የሆነ ዘብ ቆመ። ለሚንቾ ዶሮ ታረደለት። ዶሮዋ የእኛው ናት።

ሐኪሙ አገጩን ወዲያ ወዲህ ሲያገላብጥ ቆይቶ «በግራ እጅ የተሰነዘረ ቡጢ ነው» አለ። ጸሐፊው ጻፈ።

ከሄዱ በኋላ ሚንቾ ሾርባውን እየጠጣ፣ «አሁን ሳስበው የሆነ ነገር ገፋ ያደረገኝ ይመስለኛል» አለኝ።

«ምን ነገር?»

«እኔ ምን አውቄ። ሐኪሙ እኔ ነኝ እንዴ?»

የሰደርያው ደም አልለቅ አለ። ሁለተኛ ዘፈዘፍኩት። ሰው ወይን ለመልቀም አዲስ ሰደርያ አይለብስም ብዬ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ዘቡ ቋንቋችንን ይሰማል፤ ተውኩት። ቋንቋችንና ቋንቋቸው የእህትማማች ያህል ነው። ለመጣላት ብቻ ነው የሚለያየው።

መስከረም 27

ጊዜ የለኝም። ኦስትሪያም መጣ።

ወደብ ላይ የተቀመጡት የኦስትሪያ ወኪል ሄር ፓውከርት ናቸው፤ «ሄር» በእነሱ ቋንቋ «ጌታ» ማለት ነው አሉ። የሚንቾ እናት የተወለዱት ባናት ነው፤ ባናት ደግሞ የንጉሠ ነገሥታቸው ግዛት ነው። «ይህ ሰው በእናቱ በኩል የኛ ነው። ለብቻው ለሩሲያ አንተወውም» አሉ። የጓሮ በራችን ላይ ባርኔጣው ላባ ያለው ወታደር አቆሙ።

የእሳቸው ሐኪም ጠዋት ሲያየው «ጥርሱ ድሮም የበሰበሰ ነበር፤ ማንም አልመታውም» ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሚንቾ የኦስትሪያ ሰው መሆኑ ሲነገረው እንደገና መረመረውና ሁለት የጎድን አጥንት መሰበሩን አገኘ።

ሚንቾ አጥንቱ መሰበሩን ሲሰማ ያመው ጀመር።

መስከረም 29

በፊት በር ስገባ የሩሲያ የይለፍ ወረቀት፣ በጓሮ በር ስወጣ የኦስትሪያ። ትናንት ውሃ ልቀዳ ወጥቼ በሌላው በር ልመለስ ስል ባልዲዬን ይዤ ቀረሁ። ባለ ቀይ ጢሙ ዘብ «እመቤቴ፣ የወጡት ከኦስትሪያ ነው፤ በሩሲያ መግባት አይችሉም» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ባልዲውን እስክዞር ያዘልኝ።

ወጥ ቤቱ መሃል ላይ ስለሆነ እስካሁን የማንም አይደለም። እዚያ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። ሚንቾ ካለበት ክፍል ሳቅ ይሰማኛል። ሩሲያዎቹ ሻይ ይሰጡታል፤ ኦስትሪያዎቹ ቡና። ሁለቱንም ስለሚጠጣ እንቅልፍ የለውም፤ እንቅልፍ ስለሌለው ደግሞ ሁለቱም ሐኪሞች ሕመሙ ጸንቷል ብለዋል። ወፍሯል። እንዴት ወደቅህ ሲሉት አሁን ከጨለማ ውስጥ የወጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ ይላል። ጨለማ አልነበረም። የወደቀ ጊዜ እኔ ገንዳው አጠገብ ማሰሮ እያጠብኩ ነበር። አንድም ሰው አላየሁም።

አንድም ሰው አላየሁም ብዬ ልጻፍ። መስኮት መከፈቱን ሰምቻለሁ፤ መስኮት ሰው አይደለም።

ጥቅምት 1

ዛሬ ጠዋት ዳኑብ ላይ ጭስ አየን። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ልብሱን ጥለው ሮጡ። የሩሲያ ባለመድፍ መርከብ ናት፤ ትንሽ ናት፣ ግን ለዶልና ቫርባ ትበቃለች።

ሄር ፓውከርት ቁርስ ላይ ነበሩ መሰለኝ፤ አንገታቸው ላይ የአፍ መጥረጊያ ጨርቅ እንደታሰረ ወደ ወደብ መጡ። የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«በውላችን መሠረት እዚህ ወንዝ ላይ የጦር መርከብ መግባት አይፈቀድም» አሉ።

«የጦር መርከብ ማን አለ?» አሉ ጌታ ሌቤጂንስኪ። «የጥርስ ሐኪም ይዛ ነው የመጣችው።»

«መድፎቹስ?»

«ሐኪሙን ይጠብቃሉ።»

የጥርስ ሐኪሙ ግን መንገድ ላይ ታሞ ገላትስ ወደብ ላይ ወርዶ ቀርቷል አሉ። መድፎቹ ደህና ገብተዋል።

ስቶይመን ወደ ጎን ወሰደኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እህቴ፣ ባልሽ እንዴት ነው የወደቀው? እውነቱን ንገሪኝ፤ ከተማው ሊቃጠል ነው።»

«ወይን ሊለቅም ወጥቶ» አልኩት።

ግንቡን አሰበ መሰለኝ፤ ከግንቡ በላይ ያለውን ደግሞ አሰበ። አየኝ። እንደ መሳል አለ። «እሺ፤ ወይን ይሁን» አለ።

ምን ልበለው? እኔ ምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 4

ቆንሲሉ ግራኝ ወንጀለኛ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ሐኪሙ የግራ ቡጢ ነው ስላለ ቀኝ እጁን የሚጠቀም አይቀበሉም። ካልተሰጣቸው የመርከቧ አዛዥ የራሱን እርምጃ ይወስዳል። ሄር ፓውከርት ደግሞ ወንጀለኛው ለሩሲያ ብቻ ከተሰጠ የእሳቸው መንግሥት በዝምታ አያልፈውም አሉ። እሳቸውም አንድ ይፈልጋሉ።

ዶልና ቫርባ ውስጥ ግራኝ የሆኑ የታወቁ ሰዎች ስቶይመንና መምህር አሰን ናቸው። ስቶይመን ከሰዓት በኋላ ግራ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ታየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሽባ ነው አለ። አብረን ነው ያደግነው፤ በዚያው እጅ ስንት ጊዜ በድንጋይ ፈንክቶኛል።

ጥቅምት 5

መምህር አሰንን ያዙት። ከክፍል። ጠመኔው በግራ እጁ እንዳለ።

ጥቅምት 7

ወጥ ይዤ ሄድኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ነው ያሰሩት፤ መስኮቱ ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ ተቀምጬ አነጋገርኩት። ሸሚዙ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። ስቶይመን ምግብ ከቤቱ እልክለታለሁ ብሎ ነበር፤ እስከ እኩለ ቀን አልላከም።

«ለምን አንተን?» አልኩት። የማውቀውን ነው የጠየቅሁት።

«አንደኛ ግራኝ ነኝ» አለ። «ሁለተኛ ሚስት የለኝም፤ የሚያለቅስ አያስቸግራቸውም። ሦስተኛ ባለፈው ወር ልጆቹን፣ ሊጠብቀን የመጣ ሰው መቼ እንደሚሄድ መጠየቅ ነውር አይደለም ብያቸው ነበር። ከልጆቹ የአንዱ አባት ትምባሆ ነጋዴው ነው።»

«ይለቁሃል።»

«ወደ ኦዴሳ ሊወስዱኝ ነው አሉ። እዚያ ፈርደው ከዚያ ወዲያ የት እንደሚልኩኝ የሚያውቅ የለም።» ወጡን በላ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ «ስታና፣ እየጻፍሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ። ሚንቾ እንዴት እንደወደቀ የምታውቂው ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩት።

ሳህኑን በመስኮቱ አቀበለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 8

መድፎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ዞረዋል። ለጽዳት ነው አሉ። ጋሪ ያለው ሁሉ ልጆቹንና ፍራሹን ጭኖ ወደ ኮረብታው እየወጣ ነው።

ምንጩ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ዝም አሉ። ዘወር ስል አንዷ «ዘንድሮ ወይን ዘግይቶ ነው የሚበስለው» ስትል ሰማሁ፤ ሌሎቹ ባልዲያቸው ላይ አጎንብሰው ሳቁ። መርከቧን ከነመድፏ እያዩ ይስቃሉ።

ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። እነሱ አውቀው ይስቃሉ፤ እኔ አውቄ ዝም እላለሁ፤ የሚታሰረው አሰን ነው።

ሚንቾን በፊት በር ገብቼ አነጋገርኩት። ትራስ ሦስት ተደርጎለታል።

«መምህሩን ሊወስዱት ነው» አልኩት።

«እሱ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። «ግን እሱ አለመሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ሚንቾ፣ ዐይኔን እየኝ። ምን ልትለቅም ነበር የወጣኸው?»

«ወይን» አለ። ዐይኔን አላየም። «በይ አሁን፣ ሐኪሙ ሊመጣ ነው። እንዳልናደድ ብለዋል። አንዱ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ሁለቱም።»

ጥቅምት 9

ተናገርኩ።

ማዘጋጃ ቤት አጣሪ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ የማን ባንዲራ በቀኝ ይቁም በሚል ጠዋቱ አለቀ፤ በመጨረሻ ጠረጴዛውን ክብ በሆነ ለወጡት። አሰንን እጁን አስረው አመጡት። መሰላላችንም በቀይ ሰም ታትሞ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። የሚመሰክር ካለ ሲባል ተነሣሁ።

«ባለቤቴን ማንም አልመታውም» አልኩ። «የወይኑን ሐረግ ከመውደቁ ከሳምንት በፊት እኔው ለቅሜ ጨርሼዋለሁ። እሱ የወጣው ወደ ካሊና መስኮት ነው። አዲስ ሰደርያ ለብሶ።»

ስንት ሳምንት ያላልኩት ነገር ባንድ ትንፋሽ አለቀ። ሁሉም ሰው ወለሉን ያይ ነበር፤ ለእኔ አፍረው ነው። እኔ ማፈሩን ረሳሁት።

ጌታ ሌቤጂንስኪ ከመጡ ጀምሮ ያለ አስተርጓሚ ነው የሚያወሩን። አሁን ግን «ሴትዮዋ ምን አሉ?» ብለው አስተርጓሚ ጠየቁ። ስቶይመን ቃል በቃል ደገመላቸው። አልገባኝም አሉ። ሄር ፓውከርት ደግሞ «በእኛ ሕግ ሚስት በባሏ ላይ ምስክር አትሆንም» አሉ።

«በእኛም» አሉ ጌታ ሌቤጂንስኪ፣ ድንገት ሁሉ ነገር ገብቷቸው።

ተጨባበጡ። ሚንቾ ከወደቀ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ከዚያ ጌታ ሌቤጂንስኪ በደግነት አጠገቤ መጥተው «እመቤቴ፣ ያስጨነቁዎት ሰዎች ምን ቃል እንዳስገቡዎት አናውቅም፤ እርስዎንም እንጠብቅዎታለን» አሉኝ። አሰንን መለሱት። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ይጫናል።

ስወጣ አሰን «አመሰግናለሁ ስታና» አለኝ። ምኑን?

ጥቅምት 10

ካሊና ዘንድ ሄድኩ። ሚንቾ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ በሯን አንኳኩቼ አላውቅም፤ እሷም ወደ ግንቡ ወጥታ አልታየችኝም። ጎመን እየቆረጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣችው።

«ልትሰድቢኝ ከሆነ ቁጭ ብለሽ ስደቢኝ፤ ቆመሽ አይደለም» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከቤት ስወጣ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር፤ ደህና ስድብ ነበር። ጠፋኝ።

«ስንት ጊዜ?» አልኳት።

«ምኑ?»

«የመጣው።»

«ያን ጊዜ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ጊዜ መስኮቱን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። ሄዶ ያስብበታል ብዬ። በሦስተኛው መጥረጊያ ይዤ ጠበቅሁት።»

አየኋት። ካሊና የማትዋሽ ሴት ናት፤ እናት ልጇን አሳይታ ቆንጆ ነው ወይ ብትላት እንኳ አስቀያሚ ነው የምትል።

«አንቺ ነሽ የጣልሽው?»

«ደረቱን በመጥረጊያው እጀታ ገፋሁት። መሰላሉ ዞረ። በግራ እጄ ነው የገፋሁት፤ በቀኜ መስኮቱን ይዣለሁ።» ጎመኑን መቁረጥ ቀጠለች። «ሐኪሙ እንዳገኘው ስሰማ ገረመኝ።»

ሳቅ መጣብኝ። ስስቅ እንባዬም መጣ፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አላውቅም። ሰውዬዬ ሰው መድፍ እስኪያመጣለት ድረስ የተጎዳው ሳይፈለግ ሄዶ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ሳምንት የተቃጠልኩት ደግሞ ባልነበረ ነገር ነው። ባይሆንም፣ ሄዷል። ሦስት ጊዜ ሄዷል።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ማን ያምነኛል? ባል የሌላት ሴት መስኮት ላይ ወንድ ከተገኘ መስኮቱን የከፈተችው እሷ ናት ይላሉ። አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬ ምን አመጣሁ? ትናንት ሰምተሽ የለ።»

ከዚያ ካሊና ተነሥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕለ አድኅኖ ጀርባ አንድ ሜዳልያና የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ባሏ ከሩሲያዎቹ ጋር በፈቃዱ ዘምቶ የተራራው መተላለፊያ ላይ ሲዋጋ የሞተ ነው። ጡረታ የሚሰጧት በዚህ ወረቀት ነው። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፤ ፊደላቸው ከእኛ ብዙ አይለይም። «ባለመብቷ በግርማዊ ዛሩ ከፍተኛ ጥበቃ ሥር ናት» ይላል።

«ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«አንቺም የነሱ ነሽ ማለት ነው።»

ካሊና ጎመኑን በጨርቅ ሸፈነች። «ጡረታው ቢቀርብኝስ?» አለች። አይቀርብሽም ብዬ አልዋሸኋትም። የሐር መሐረቧን ካወጣች በኋላ ነው እንደምትሄድ የገባኝ።

ጥቅምት 11

አብረን ሄድን። ክንዷን ያዝኩ። ከምንጩ ጋ ያሉት ሴቶች ሲያዩን አንዷ ባልዲዋን ለቀቀችው።

ካሊና ጠረጴዛው ፊት ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መጥረጊያውንም ይዛ ነበር የመጣችው። ጌታ ሌቤጂንስኪ አስተርጓሚ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ሜዳልያውን ክቡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱን አነበቡ። እንደገና አነበቡ።

የሩሲያ ጥበቃ ያላት ሴት የሩሲያ ጥበቃ ያለውን ሰው ገፍታለች። የሩሲያን ሰው የደበደበ ቡልጋሪያዊ የለም። መርከቧ በማን ላይ ትተኩስ?

የመርከቧ አዛዥ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ከመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። «በመጥረጊያ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በእጀታው» አለች ካሊና።

አዛዡ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። በረንዳው ላይ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በመስኮት አየሁ።

ሄር ፓውከርት ግን ተስፋ አልቆረጡም። «እመቤቴ የት ነው የተወለዱት?» ብለው ካሊናን ጠየቋት።

«እዚሁ።»

«እናትዎስ?»

«እዚሁ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ።

አሰን ተፈታ። ስቶይመን ክንዱን ከጨርቁ አውጥቶ በግራ እጁ ጨበጠው፤ ሁሉም በእቅዴ መሠረት ነው የሄደው ብሎ ለሰው ሲያወራ ሰማሁት። አሰን በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ መስኮቶቹን ከፈተ።

ጥቅምት 13

መርከቧ ሄደች። ሚንቾን ይዛ ነው የሄደችው።

ጌታ ሌቤጂንስኪ ባዶ እጃቸውን መመለስ አልሆነላቸውም። የተጠበቀው ሰው ከገፋችው ሴት ጋር ጎረቤት ሆኖ መኖር ስለማይችል፣ ለደኅንነቱ ሲባል ኦዴሳ ይወሰዳል ተባለ። ሄር ፓውከርት የእናቱን ድርሻ በተመለከተ ተቃውሞ አስመዘገቡ።

ሚንቾ እንደሚሄድ ሲነገረው ትራሶቹን አየ። «ሐኪሙም አብሮ ይሄዳል?» አለ። ይሄዳል አሉት። ወደ ወደቡ በቃሬዛ ወሰዱት፤ በእግሩ መሄድ ይችላል። አጠገቡ ሄድኩ።

«ስታና፣ ሰደርያዬ የታለ?» አለኝ።

«ደሙ አልለቀቀም» አልኩት።

«በምን ነው ያጠብሽው?»

ሃያ ዓመት አብረን ኖረን የተለያየነው በዚህ ነው። መርከቧ ስትነሳ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩ። ሰው ሁሉ ያይ ስለነበረ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለብቻዬም ብሆን አወዛውዝ ነበር።

ከዚያ ቤቴ ተመልሼ በፊት ለፊቱ በር ገብቼ በጓሮው በር ወጣሁ። ደግሞ ገባሁ።

ኅዳር 12

ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። ሥራ ነበር። ካሊናና እኔ ጎመኑን በጨው አብረን አስቀመጥን፤ የእኔ በርሜል ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ስለ ጎመን ብቻ ነበር የምናወራው። ከሰሞኑ ሌላም እያወራን ነው። ጡረታዋ እስካሁን አልመጣም። ይመጣ እንደሆነም እንጃ።

ሩሲያ ከእኛ ጋር ጨርሶ ተጣልታለች፤ ቆንሲሎቿን ከሀገሩ ሁሉ እያስወጣች ነው። ጌታ ሌቤጂንስኪ ትናንት ሻንጣቸውን ይዘው በደጄ ሲያልፉ ቆሙ። «አሁን ማን ይጠብቅዎት ይሆን?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር ያዘኑልኝ።

ባለ ቀይ ጢሙ ዘብ ግን እንዲህ አይነት ነገር አልጠየቀኝም። ዳቦዬን ስለበላ አመስግኖ ሄደ።

ኅዳር 24

ዛሬ ጠዋት አንድ ጀርመን መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ንጹሕ፤ ስሙ ሄር ቮይክት ነው። ካሊናና እኔ ወጥ ቤት ነበርን። ሩሲያ ስትወጣ ዜጎቿን ለጀርመን በአደራ ሰጥታለች አለ። የሩሲያ ዜጋ ሚስት ስለሆንኩ ከእንግዲህ በጀርመን ጥበቃ ሥር ነኝ።

«ጥበቃው መቅረት ይችላል?» አልኩት።

አሰበበት። ቅን ልጅ ነው። «እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን የለም» አለ።

ከዚያ የመጣበትን ዋና ጉዳይ አነሣ። ሚንቾ ቤቴ ልመለስ ብሎ አመልክቷል። ኦዴሳ ብርድ ነው፤ ሐኪሙ ሌላ ሕመምተኛ አግኝቷል፤ ትራስም አንድ ብቻ ነው የሚሰጡት። ነገር ግን የተጠበቀ ሰው ጉዳት ሊደርስበት ወደሚችል ቤት አይመለስም። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ቃሏን መስጠት አለባት።

እርሳሱን አወጣ። «ባለቤትዎ ቢመለስ በዚህ ቤት ውስጥ በማንም እጅ ጉዳት እንደማይደርስበት ያረጋግጣሉ?»

ካሊና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ስለ ሚንቾ አሰብኩ። ክፉ ሰው አይደለም። በርሜል ሲሠራ ያፏጫል። ክረምት ሲመጣ እንጨቱን የሚፈልጠው እሱ ነበር፤ ዘንድሮ እኔና ካሊና ነን የምንፈልጠው። ናፍቆኛል ልበል? አንዳንድ ቀን። ወደዚያ ግንብ በአዲስ ሰደርያ ሲወጣ፣ እኔ ከሥሩ ማሰሮውን እያጠብኩ እንደነበር ደግሞ አሰብኩ። አይቶኛል። ደህና አድርጎ አይቶኛል፤ ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

«አላረጋግጥም» አልኩት።

ሄር ቮይክት ቀና አለ። «ከማን ነው የሚሠጉለት?»

«ከእኔ።»

ጻፈው። መጻፉ ግዴታው ነው። ከዚያ በትሕትና፣ ማረጋገጥ የምችለው መቼ እንደሚሆን ጠየቀኝ።

«ለፋሲካ ብቅ ይበሉ» አልኩት፤ «ያኔ የደረስኩበትን እነግርዎታለሁ።»